የቻትቦት የጤና አገልግሎት ምዝገባ፦ ማን ይመዘገባል? ምንስ ይጠየቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በኢትዮጵያ በበሽታው የተያዘ የመጀመሪያው ሰው መገኘቱ ተገለጸ። በእንዲህ ያለ ወቅት ወደ ነጻ የስልክ መስመሮች፣ ወደ 8335 እና ወደ 952፣ የሚደውለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ተመሳሳይ ነገር ነው። ምልክቱ ምንድን ነው? ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ምን ይደረግ? ምርመራ የት ይገኛል? መልሱ አንድ ሆኖ ሳለ መላሹ ባለሙያ በቀን ብዙ ጊዜ ይደግመዋል፤ ያን ጊዜ መተንፈስ የተቸገረ ሰው መስመሩ እስኪለቀቅ ይጠብቃል።

በጽሑፍ ለሚቀርብለት ጥያቄ ራሱ በጽሑፍ የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ በተለምዶ ቻትቦት የሚባለው፣ በጤናው ዘርፍ የተፈለገው ይህንን ጫና ለማቃለል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 11 ቀን 2012 ዓ.ም በዋትስአፕ የጀመረው አገልግሎት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተገልጋዩ የአገልግሎቱን ቁጥር በስልኩ መዝግቦ አጭር ሰላምታ ሲልክ፣ ተራ ቁጥር የተሰጣቸው የርዕሶች ዝርዝር ይደርሰዋል፤ ቁጥሩን ሲመልስ መረጃው ይመጣለታል። ቅጽ አልሞላም፣ የይለፍ ቃል አላወጣም፣ የአባቱን ስም አልተጠየቀም። ስለ ምዝገባ በሚነሳበት ጊዜ ሁሉ ይህ ምሳሌ መታሰብ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ጤናን የሚመለከት ማንኛውም የጽሑፍ አገልግሎት ከሚሠራቸው ስሕተቶች ዋነኛው የተጨነቀን ሰው መልስ ከመስጠት በፊት ቅጽ ማስሞላት ነው።

ምዝገባው ሁለት ዓይነት ነው

«ምዝገባ» የሚለው ቃል በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው አገልግሎቱ ራሱ የሚመዘገብበት ሲሆን፣ ይህም አገልግሎቱን የሚያቋቁመው ተቋም ማንነቱን አሳውቆ መልእክት ከሚያስተላልፈው ድርጅት ፈቃድ የሚያገኝበት ሂደት ነው። ሁለተኛው ተገልጋዩ ወደ አገልግሎቱ የሚመዘገብበት ነው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ግዴታ ነው፤ ሁለተኛው ግን አስፈላጊ የሚሆነው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ብዙ አገልግሎቶች ይህንን ገልብጠው ይሠሩታል፤ የራሳቸውን ማንነት ሳያሳውቁ የሕዝቡን ማንነት በዝርዝር ይጠይቃሉ።

አገልግሎቱ ራሱ ሲመዘገብ

በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ሰው በሚጠቀምበት በቴሌግራም ላይ አንድ ተቋም ቻትቦት ለማቋቋም ሲፈልግ ቦት ፋዘር ከተባለው የቴሌግራም የራሱ ቦት ጋር ይጻጻፋል። የአገልግሎቱን መጠሪያ ይሰጣል፤ ከማንም ጋር የማይመሳሰል የተጠቃሚ ስምም ይመርጣል። በምላሹ ረዥም የቁጥርና የፊደል ስብስብ ይደርሰዋል፤ ይህ ሚስጥራዊ ቁልፍ ነው። ሂደቱ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ ማንም ሰው ሊያደርገውም ይችላል። ቴሌግራም ምዝገባውን ሲቀበል ተመዝጋቢው በእርግጥ ጤና ቢሮ ወይም ሆስፒታል መሆኑን አያጣራም። ስለዚህ የአንድ ቦት ስም ውስጥ «ጤና» ወይም «ኮቪድ» የሚል ቃል መኖሩ ስለ ባለቤቱ ምንም አያረጋግጥም።

ሚስጥራዊ ቁልፉ ከጤና ጣቢያ የመድኃኒት ክፍል ቁልፍ ጋር ሊነጻጸር ይችላል። ቁልፉን የያዘ ሁሉ በአገልግሎቱ ስም መልእክት መላክ፣ ተገልጋዮች የሚልኩትንም ማንበብ ይችላል። በመሆኑም በኢሜይል መላክ፣ ሰው በሚያየው የፕሮግራም ጽሑፍ ውስጥ መተው ወይም ሥራውን ለቆ በሄደ ባለሙያ እጅ ማቆየት አይገባም። ወጥቷል የሚል ጥርጣሬ ካለ አሮጌው እንዲሰረዝና አዲስ እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል፤ ይህም የተጠረጠረበትን ቀን ሳያሳልፉ መፈጸም ያለበት ነው።

ዋትስአፕ ከዚህ ጠበቅ ይላል። ተቋሙ ሕጋዊ ድርጅት መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ያቀርባል፤ ለአገልግሎቱ የተለየ ስልክ ቁጥርም ያስመዘግባል። ተገልጋዩ ከጻፈበት ሰዓት አንሥቶ ለ24 ሰዓት አገልግሎቱ እንደልቡ ሊመልስለት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ መላክ የሚችለው አስቀድመው የተፈቀዱ የመልእክት ዓይነቶችን ብቻ ነው። በቴሌግራም ደግሞ ቦት ከማያውቀው ሰው ጋር ራሱ ንግግር መጀመር አይችልም፤ መጀመር የሚችለው ሰውየው ነው። ይህ ለተገልጋዩ ጥሩ መመዘኛ ይሆነዋል። ምንም ሳይጠይቅ በድንገት «የኮቪድ ድጋፍ ለማግኘት ይመዝገቡ» የሚል መልእክት በግል የደረሰው ሰው የላከው ቦት ሳይሆን ሌላ ሰው መሆኑን ሊጠረጥር ይገባል።

በድረ ገጽ ላይ የሚሠራ ቻትቦት ሲሆን ተጨማሪ ሥራ አለ። የተገልጋዩ ጽሑፍ የሚደርስበት ሰርቨር አድራሻ መመዝገብ አለበት፤ በመንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆን ይኖርበታል። የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት ድረ ገጾች አድራሻቸው የሚያልቀው «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» በሚለው ነው። ከአድራሻው አጠገብ የሚታየው የመቆለፊያ ምልክት ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆኑን እንጂ የድረ ገጹ ባለቤት ታማኝ መሆኑን አያመለክትም። አጭበርባሪም ቁልፍ ሊገዛ ይችላልና።

ተገልጋዩ መመዝገብ ያለበት መቼ ነው?

እጅ መታጠብን፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አጠቃቀምን፣ አካላዊ ርቀትን ወይም የምርመራ ቦታን ለማወቅ ምዝገባ አያስፈልግም። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገው ጥያቄውን ከመልሱ ጋር የሚያያይዝበት ጊዜያዊ ቁጥር ብቻ ነው፤ ንግግሩ ሲያበቃም ቁጥሩ ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ መረጃ የመታወቂያ ቁጥር የሚጠይቅ አገልግሎት ለምን እንደተቋቋመ ከመጀመሪያው የዘነጋ ነው ማለት ይቻላል።

ምዝገባ የሚያስፈልገው አገልግሎቱ ተገልጋዩን በሌላ ቀን መልሶ ማግኘት ሲኖርበት ነው። በበሽታው ከተያዘ ሰው ጋር ንክኪ የነበረውና በወረርሽኙ ወቅት ለ14 ቀናት ራሱን ለይቶ ይቆይ የነበረ ሰው በየቀኑ ስለ ሁኔታው ሊጠየቅ ይችል ነበር። መጋቢት 2013 ዓ.ም በኢትዮጵያ መሰጠት የጀመረውን የአስትራዜኔካ ክትባት የመጀመሪያ ዙር የወሰደ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን እንዲወስድ ማስታወሻ ያስፈልገው ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያን ጊዜ በሁለቱ ዙሮች መካከል ከ8 እስከ 12 ሳምንት እንዲሆን ይመክር ነበር። ሁለት ወር ረዥም ጊዜ ነው፤ ቀኑን የሚያስታውስ ከሌለ ይረሳል። እዚህ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ ቁጥርና ክትባቱ የተሰጠበት ቀን መመዝገባቸው ተገቢ ነው። የባንክ ሂሳብ፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የቤተሰብ ገቢ ግን ለማስታወሻ የሚጨምሩት ነገር የለም፤ የማይጨምሩ ከሆነ መጠየቅም የለባቸውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት መቅደም ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የአደጋ ምልክቶች ጥያቄ ነው። መተንፈስ መቸገር፣ የማያቋርጥ የደረት ሕመም ወይም ግፊት፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ግራ መጋባት፣ ከእንቅልፍ ለመንቃት መቸገር፣ የከንፈር ወይም የፊት መጥቆር ወይም ወደ ሰማያዊነት ማድላት፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ቻትቦቱ ምዝገባውን ትቶ ወደ ነጻ የስልክ መስመሩና በአቅራቢያው ወዳለው የጤና ተቋም መምራት ይኖርበታል። ስሙን ያልጻፈ ታማሚም ታማሚ ነው። ቻትቦት በሽታን መርምሮ አያውቅም፤ የሚያውቀው ማንን ቶሎ ወደ ባለሙያ መምራት እንዳለበት ነው፤ ይህንንም የሚያውቀው በትክክል ከተሠራ ብቻ ነው።

ስም፣ ቀን፣ ሰዓትና ፊደል

የምዝገባ ቅጾች አብዛኛውን ጊዜ የሚገለበጡት በሌሎች አገሮች ልማድ ከተዘጋጁ ናሙናዎች ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲል ኢትዮጵያዊው የአባቱን ይጻፍ የአያቱን ግራ ይገባዋል፤ በአንድ ቤት ያሉ ባልና ሚስትም የተለያየ ስም ስላላቸው ፕሮግራሙ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በሦስት የተለያዩ ቦታዎች መጠየቅ።

የትውልድ ዘመን ከዚህ የከፋ ስሕተት ያስከትላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም የተወለዱ እናት በ2013 ዓ.ም 63 ዓመታቸው ነው። ፕሮግራሙ 1950ን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወስዶ ከ2021 ላይ ቢቀንስ 71 ዓመት ይሰጣቸዋል። ክትባት ቅድሚያ የሚሰጠው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ቢሆን፣ እኚህ እናት ያለ ተራቸው ይጠራሉ፤ የአቆጣጠር ልዩነቱ በተቃራኒው ቢገለበጥ ደግሞ ተራው የደረሳቸው አዛውንት ይቀራሉ። ጳጉሜን የተወለደ ሰው 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ቅጽ ላይ ወሩን ጭራሽ አያገኘውም። ቀንና ወር ለአገልግሎቱ የማያስፈልግ ከሆነ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል፤ የትውልድ ቀናቸውን በትክክል የማያውቁ አዛውንት ብዙ ናቸውና።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ቀጠሮዎ ነገ 3 ሰዓት ነው» የሚል ማስታወሻ የደረሰው ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ያሰበው በአውሮፓ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ያለውን 3 ሰዓት፣ ማለትም በአገሬው አቆጣጠር 9 ሰዓትን ከሆነ፣ ተቀጣሪው ስድስት ሰዓት ይጠብቃል፤ ያውም ሰው በተሰበሰበበትና መሰብሰብ አደገኛ በሆነበት ጊዜ። ማስታወሻው «ከጠዋቱ» ወይም «ከሰዓት በኋላ» የሚል ቃል ሁልጊዜ ሊኖረው ይገባል፤ የሚጠቀመውም የአገሬውን የሰዓት አቆጣጠር መሆን አለበት።

የፊደሉ ነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው። አማርኛ በአንድ ድምፅ የሚነበቡ የተለያዩ ፊደላት አሉት፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሠ እና ሰ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። በመጀመሪያው ቀን «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው በሁለተኛው ቀጠሮ ሌላ ባለሙያ «ሃይሉ» ብሎ ቢፈልገው ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ዙር ክትባት መዝገብ አልተገኘም ይባላል። «ዓለሙ» እና «አለሙ» ላይም የሚደርሰው ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ፍለጋ ከማድረጉ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ቢመልሳቸው ችግሩ በአብዛኛው ይወገዳል። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ተገልጋዮችም ብዙ ስለሆኑ ለእነርሱ ከመጻፍ ይልቅ ቁጥር መርጦ መመለስ የሚቻልበት መንገድ ሊዘጋጅ ያስፈልጋል።

የአማርኛ አሉታ ደግሞ በግሱ ውስጥ የተሠራ ነው። «ያስለኛል» እና «አያስለኝም» የሚለያዩት በጥቂት ፊደላት ነው፤ የሚሉት ግን ተቃራኒውን ነው። «ትኩሳት የለኝም» ብሎ የጻፈን ሰው «ትኩሳት» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ትኩሳት አለው ብሎ የሚመዘግብ ፕሮግራም ይኖራል። በአንጻሩ «ትንፋሽ አጠረኝ»፣ «መተንፈስ አቃተኝ»፣ «ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል» የሚሉት ሦስቱ ሰዎች የሚናገሩት አንድ አደጋ ነው፤ አንዱን አውቆ ሁለቱን የማያውቅ አገልግሎት ሁለቱን ሰዎች ያለ እርዳታ ይተዋቸዋል። በዚህ ምክንያት የአደጋ ምልክቶችን በተመለከተ ነጻ ጽሑፍ ከመጠበቅ አንድ በአንድ ጠይቆ «1 አዎ፣ 2 የለም» ማስባሉ ይመረጣል። አገልግሎቱ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የሚሰጥ ከሆነ የቋንቋ ምርጫው ከሁሉ በፊት መምጣት አለበት፤ የየቋንቋው አገላለጽም ቋንቋውን በሚናገሩ የጤና ባለሙያዎች መታየት ይኖርበታል። ከአማርኛው በቃል በቃል የተገለበጠ ጥያቄ የትኛውንም ታማሚ አይረዳም።

አንድ ስልክ፣ ብዙ ሰው

ምዝገባው በስልክ ቁጥር ላይ ሲመሠረት ሁለት ነገሮች ይታሰባሉ። የመጀመሪያው ቀላል ነው። አንድ ቁጥር በ09 ጀምሮ በ10 አኃዝ ወይም በ251 ጀምሮ ሊጻፍ ይችላል፤ ፕሮግራሙ ሁለቱን ወደ አንድ ካልመለሰ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል።

ሁለተኛው ከባድ ነው። በብዙ ቤቶች ስልኩ አንድ ነው። አያት፣ እናትና የደረሱ ልጆች በዚያው ቁጥር ይመዘገባሉ፤ «ይህ ቁጥር ተመዝግቧል» ብሎ የሚመልሳቸው አገልግሎት ከቤቱ አንዱን ብቻ አገልግሎ ሌሎቹን ያስቀራል። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ሥር ከአንድ ሰው በላይ መመዝገብ መቻል አለበት። ይህ ሲሆን ደግሞ ምስጢር የመጠበቁ ጉዳይ ይነሣል። የምርመራ ውጤት በጋራ ስልክ ላይ በግልጽ ቢላክ ማን ቀድሞ እንደሚያነበው አይታወቅም። ሌሎች ሕመሞችን በተመለከተ የተጠየቀ ሰው፣ ለምሳሌ ስለ ስኳር ሕመም ወይም ኤች አይ ቪ፣ መልሱን ስልኩ ላይ ትቶት እንዲሄድ ሊገደድ አይገባም። መልእክቱ «ውጤትዎ ደርሷል፤ ወደ ተመረመሩበት ተቋም ይደውሉ» ቢል በቂ ነው። ስልክ የሌለው ቤተሰብ ሲኖር ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ፈቃዱን ጠይቃ በራሷ ስልክ ልትመዘግበው ትችላለች፤ እርሱ ባለበት፣ የጻፈችውንም አንብባለት።

ተገልጋዩ ምን ይጠንቀቅ?

በምዝገባ ጊዜ ወደ ስልክ በአጭር መልእክት የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር የሚጻፈው ተገልጋዩ ራሱ ምዝገባ በጀመረበት ገጽ ላይ ብቻ ነው። ደውሎ «የተላከልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ማንም ቢሆን፣ ራሱን የጤና ባለሙያ ነኝ ቢልም፣ ቁጥሩ አይነገረውም፤ በዚያ ቁጥር የተገልጋዩን የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ገጽ መውሰድ ይቻላልና። ለምዝገባ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ መልእክቱን ለአሥር ሰው እንዲያስተላልፉ የሚያዝ ወይም የባንክ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ የጤና አገልግሎት የለም። በቴሌግራም ቦት ስልክ ቁጥርን ሊያገኝ የሚችለው ተገልጋዩ ለማጋራት የቀረበለትን ቁልፍ ተጭኖ ሲፈቅድ ነው፤ ምክንያቱ ካልተነገረው መፍቀድ የለበትም።

የሚጠራጠር ሰው ወደ 8335 ወይም ወደ 952 ደውሎ አገልግሎቱ እውነተኛ መሆኑን መጠየቅ ይችላል። አገልግሎቱን የሚያቋቁመው ተቋምም በበኩሉ የአገልግሎቱን ትክክለኛ ስምና አድራሻ በጤና ጣቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይጠበቅበታል፤ ምክንያቱም በመልእክት የመጣን አድራሻ በመልእክት ማረጋገጥ አይቻልም።

ከአገልግሎቱ ስለ መውጣት

የተመዘገበ ሰው «አቁም» ብሎ በመጻፍ ከአገልግሎቱ መውጣት መቻል አለበት፤ ይህም በመጀመሪያው መልእክት ሊነገረው ይገባል። ለ14 ቀናት ክትትል የተሰበሰበ መረጃ ክትትሉ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚሰረዝ ከምዝገባው በፊት በአንድ አጭር አንቀጽ መገለጽ አለበት። ተገልጋዩ የማያነበው ረዥም የስምምነት ጽሑፍ ፈቃድ ሊባል አይችልም።

ስልክ ቁጥር ሲቀየርም ይህ ይታሰባል። የተተወ ሲም ካርድ ቁጥር ከጊዜ በኋላ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ስለሚችል፣ የቀድሞው ባለቤት የክትባት ማስታወሻና የሕመም ጥያቄዎች ወደማያውቀው ሰው መሄድ ይጀምራሉ። ቁጥሩን የሚቀይር ሰው አስቀድሞ በአሮጌው ቁጥር «አቁም» ብሎ ይጻፍ፣ ከዚያም በአዲሱ ይመዝገብ። ሲሙ ከጠፋበት ወይም ከተሰረቀበት በነጻ የስልክ መስመር ደውሎ ወይም ክትባቱን ወደ ወሰደበት ጤና ጣቢያ ሄዶ ያሳውቅ፤ የመጀመሪያውን ዙር የወሰደበትን ካርድ ይዞ ቢሄድ መዝገቡን ማግኘት ይቀላል።